በሐጂ ከድር ጆሮ ያልኩት ቃል

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። በሳምንቱ ስድስት ቀን ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ፤ እሑድና በበዓል ቀን ደግሞ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በዲያቆንነት አገለግላለሁ። ትውልዴ ጎጃም ነው። ድቁና የተቀበልኩት በልጅነቴ፣ የኔታ ዘንድ ዜማ ስማር ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት አጎቴ ሱቁን እንዳግዘው ሲጠራኝ ነበር፤ እሱ ሲያርፍ ሱቁ ለእኔ ቀረ። መንግሥት ከተለወጠ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። መርካቶ የጭቃ ቤቶቿን እያፈረሰች ፎቅ ማብቀል ጀምራለች። ሞባይል የሚባል ነገር ገና በጥቂት አስመጪዎች እጅ ብቻ የሚታይ ነው።

በዚያ ዓመት ቅስና ልቀበል ነበር። በተክሊል አግብቻለሁ። የንስሐ አባቴ መምሬ ይትባረክ መስክረውልኛል። ከፍልሰታ ጾም በኋላ ጳጳሱ ዘንድ እንድቀርብ ስሜ ተላልፏል። ዛሬ ሳስበው ቅስናን የፈለግሁት ለድምፄ ነው። ድምፅ ነበረኝ፤ በቅዳሴ ሰዓት ዜማውን ሳነሣ ከሴቶቹ በኩል የሚሰማው ዝምታ ደስ ይለኝ ነበር። አስናቀች፣ ባለቤቴ፣ ካባዬን ከወዲሁ አሰፍታ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቄስ ማለት ለእኔ መቅደስ ውስጥ የሚቆም ሰው ነበር። የሚሞት ሰው አጠገብ ግን ቁጭ ብዬ አላውቅም።

ከሱቄ ጎን ሐጂ ከድር የሚባሉ የስልጤ ሰው ነበሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቀልድ የሚወዱ ነጋዴ ናቸው። ክር ነው የሚሸጡት፤ ሸማኔዎቹ ድሩንም ማጉንም ከእሳቸው ይወስዳሉ። አዛን ሲል፣ «ዲያቆን፣ ሱቁን አየት አድርግልኝ» ብለው ይሄዳሉ። የሚካኤል ወይ የማርያም ዕለት እኔ ሳስቀድስ ሳረፍድ ደግሞ ሱቄን እሳቸው ከፍተው ይጠብቁኛል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። ስለ ሃይማኖት ግን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። እሳቸው የእኔን ያውቃሉ፣ እኔም የእሳቸውን አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ የሌላውን ደጅ አያንኳኳም። ለጉርብትና ይህ የሚበጅ ይመስለን ነበር።

ሐምሌ ነው፤ ሰኞ። ሦስት ቀን ያላቋረጠ ዝናብ ዘንቦ ጠዋቱን ጋብ ብሏል።

«ዲያቆን፣ ና እስቲ» አሉኝ ሐጂ። «ጎጃም በረንዳ መጋዘን የጥለት ክር ገብቶልኛል። ቀዩን አንተው ራስህ ምረጥ። በኋላ ሸማኔዎችህ ይህ ቀይ አይደለም ቡናማ ነው እያሉ እንዳይጨቀጭቁኝ።»

ጭቃውን እየዘለልን ሄድን። መጋዘኑ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከበስተጀርባው ያለው ቦታ ለፎቅ መሠረት ተቆፍሮ ትልቅ ጉድጓድ ሆኗል፤ ጉድጓዱም ውኃ ቋጥሯል። ውስጥ የክር ቦንዳዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ዘበኛው ከፍቶልን ደጅ ቀረ። ሐጂ የኋላውን ግድግዳ ቀና ብለው አዩት። ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«ይቺ ደግሞ ከእኔ ቀድማ ልትሞት ነው» አሉና ሳቁ።

ወደ ውስጥ ዘለቅን። አንዱን ቦንዳ በቢላ ቀደው ቀዩን ክር ሲያወጡልኝ አስታውሳለሁ። ወደ በሩ ብርሃን ዞር ብዬ ቀለሙን ሳይ፣ ከኋላዬ ከባድ ነገር መሬት ላይ የሚጎተት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ለማየት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።

ስነቃ አፌ በአፈር ተሞልቷል። በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ከደረቴ በላይ አንድ ክንድ በማይሞላ ከፍታ ላይ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ተጋድሞ ቦንዳዎቹን ተሸክሟል። ያ እንጨት ነው ያተረፈኝ። ግራ እግሬን ስስበው አልመጣም፤ ሕመሙ ግን መጣ። በተቀደደ ቆርቆሮ በኩል ጣት የምታህል ብርሃን ትገባለች። ከዚያች በቀር ጨለማ ነው።

«ሐጂ! ሐጂ ከድር!»

«አለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ከቀኜ፣ ከጎኔ ማለት ይቻላል፣ መጣ። «አንተስ አለህ?»

«አለሁ። እግሬ ተይዟል።»

«እኔን የያዘኝ ከወገቤ በታች ነው። ምንም አያመኝም። አለማመሙ ነው ያላማረኝ።»

እጄን ዘርግቼ ፈለግኋቸው፤ ግራ እጃቸውን አገኘሁት። ቀኝ እጃቸው ከእንጨቱ ሥር ነበር።

ደጅ ዘበኛው ሲጮህ፣ ሰው ሲሰበሰብ ይሰማናል። አንድ ሰው ወደ ቆርቆሮው ተጠግቶ፣ «ስንት ናችሁ?» አለ። «ሁለት!» ብዬ ጮህኩ። «አይዟችሁ! ዝም ብላችሁ ተኙ፣ አትንቀሳቀሱ!» ከዚያ እርስ በርሳቸው ሲጨቃጨቁ ሰማን። አንዱ በአካፋ እንግባ ይላል። ሌላው የቀረው ግድግዳ ይወርድባቸዋል፣ ከላይ ቦንዳውን አንድ በአንድ ማንሣት ነው የሚሻለው ይላል። በሁለተኛው ሐሳብ ተስማሙ መሰለኝ፣ ሥራው ተጀመረ። ቦንዳ ሲነሣ ከላያችን አፈር ይረግፋል። ሐጂ በየመሐሉ፣ «አይንህን ጨፍን» ይሉኛል።

እንዲህ እያለ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ከዚያ ዝናቡ ተመለሰ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌላ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። የሚቆፍሩትም ያቆሙ መሰለኝ፤ ከላያችን መርገፉ ቆመ። በኋላ እንደነገሩኝ መሬቱ ወደ ጉድጓዱ መንሸራተት ጀምሮ ኖሮ ሰዎቹን አስወጥተዋቸው ነበር። እኛ ግን ይህን አናውቅም። እኛ የምናውቀው መተዋችንን ብቻ ነው።

ዝናቡ ትንሽ ቀለል ሲል አዛን ተሰማ።

«ዙህር ነው፣ የቀትሩ ሶላት» አሉ ሐጂ። እጃቸውን ከእጄ አውጥተው ከግድግዳው በረገፈው አፈር ላይ መታ አደረጉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ሲዳብሱ ሰማሁ። «ውኃ ሲጠፋ በአፈር ይሆናል። መቼም አፈር አላሳጣንም።»

በአይናቸው የሰገዱ መሰለኝ፤ ከአንዷ እጃቸው በቀር ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበራቸውም። ሲጨርሱ ዝም ማለቱን ስላልቻልኩ ጠየቅኋቸው።

«ሐጂ፣ ያለ ኢማም ይሆናል?»

«ብቻህን ስትሆን ኢማሙም አንተው ነህ። እናንተ ግን ያለ ቄስ አይሆንላችሁም አሉ።»

«ለንስሐ ያስፈልገናል። ኃጢአትህን ሰምቶ የሚፈታህ እሱ ነው።»

«አሁን እዚህ ብትሞትስ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ያውቃል እንጂ» አሉ። ይህን ያሉት ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ጥያቄያቸውን ብቻ ነበር የሰማሁት። አሁን እዚህ ብሞትስ? ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። በዓመት ስንት ጊዜ ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ትንንሹን ስናገር ትልቁን እየዘለልኩ መኖሬ ታወሰኝ። እንግዲህ ከሰው ፊት ማፈር ቀረና ወደ ላይ ድምፄን አውጥቼ መናዘዝ ጀመርኩ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። አንዱን ግን ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ልናገር። አባቴ ሲታመም፣ ቶሎ ድረስ የሚል መልእክት ከጎጃም ደርሶኝ ነበር። የገና ገበያ ነበርና ሸማ ተራ ደርቷል። በዓሉ ይለፍ ብዬ ቆየሁ። ስደርስ አርባው ሊወጣ ነበር።

ጨርሼ ሳለቅስ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዲያቆን፣ አፉ በለኝ። እንዳልሰማህ ጆሮዬን ይዤ ነበር። ግን ያለችኝ አንድ እጅ ናት፤ አንደኛው ጆሮዬ ክፍት ቀረ።»

በዚያ ሁኔታ መሳቅ ይቻላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ሳቅሁ።

«ያባትህን ነገር ሰማሁ» አሉ ቀጠል አድርገው። «ይቅር ልልህ አልችልም፤ በእኛ ዘንድ ለሌላ ሰው ይቅር የሚል የለም። ግን እኔም አባት ነኝ። ልጄ ሙዘይን እንዲህ ቢያደርገኝ እቆጣ ነበር። ቆይቼ ግን ይለቀኝ ነበር። ያንተ አባት ጎጃሜ ስለሆነ ትንሽ ቆይቶ ይሆናል እንጂ ሳይለቀው አይቀርም።»

ይህ ፍትሐት አይደለም፤ እሳቸውም ፍትሐት አላሉትም። መንቀጥቀጤ ግን ተወኝ።

ከዚያ በኋላ ድምፃቸው እየቀነሰ መጣ። ስጠይቃቸው ዘግይተው ነው የሚመልሱት። እጃቸው ቀዘቀዘ። ከቆይታ በኋላ ስሜን ጠሩኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ዲያቆን» ከማለት በቀር ስሜን ጠርተውት አያውቁም።

«መርሻ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ይዘዙኝ።»

«እንቅልፍ እየመጣብኝ ነው። ደግ እንቅልፍ አይመስለኝም። ሰው ሲሄድ የመጨረሻ ቃሉ ሸሃዳ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። እያልኩት ነበር። አሁን ግን ምላሴ ከበደኝ፣ ሐሳቤም ተበተነብኝ። ቅድም ራሴን ሳገኘው ስለዚያ ስለ ቀዩ ክር አስባለሁ። ክር እያሰብኩ መሞት አልፈልግም። በጆሮዬ በልልኝ።»

የጠየቁኝ ገባኝ። ያልገባኝ መስዬ ዝም አልኩ። ከዚያ «ሐጂ፣ እኔ እኮ ዲያቆን ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ሼህ ቢኖር አንተን አላስቸግርህም ነበር። ሙስሊም ከተገኘ አንድ ሸቃጭም ይበቃኝ ነበር። ያለኸው አንተ ነህ።»

«ቆይ፣ ሰው ልጥራልዎት» አልኩና ወደ ቆርቆሮው መጮህ ጀመርኩ። «ሼህ ጥሩልን! ሐጂ ሼህ ይፈልጋሉ! ማነው ያለው?» ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። የመለሰልኝ ዝናቡ ነው።

ሐጂ ታገሡኝ። ከዚያ ሁለተኛ ጠየቁኝ። «ቃሉን ታውቀዋለህ?»

«በቀን አምስት ጊዜ እሰማው የለ።»

«ታዲያስ።»

«በአማርኛ ልበልዎት? እግዚአብሔር አንድ ነው ልበልዎት?»

«በአማርኛ ደግ ነው» አሉ በጣም ደክመው። «ግን እናቴ ያስያዘችኝ እሱን ነው። ምላሴ የሚያውቀው እሱን ነው።»

እዚህ ላይ ልክ እንደሆነው ልንገራችሁ፤ ሳሳምረው ዋጋ የለውም። በዚያን ሰዓት ያሰብኩት ስለ ክርስቶስ አይደለም። ያንን ቃል ያለ ሰው ሰለመ እንደሚባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ፊቴ ላይ የመጣው የጳጳሱ እጅ፣ ሳጥን ውስጥ ያለው ካባና «ዲያቆኑ እኮ...» የሚለው የሰው ወሬ ነው። ማን ይሰማኛል ብዬም አሰብኩ። ማንም። እንደገና ደግሞ፣ ሰው ካልሰማኝ ለምንድን ነው የምፈራው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በቀዳዳዋ የምትገባው ብርሃን ደብዝዛ ነበር።

ሦስተኛ የጠየቁኝ በድምፅ አይደለም። እጄን በጣታቸው መታ፣ መታ አደረጉት። ድምፅ እንደሌላቸው ያኔ ገባኝ።

እግሬ እየተቀደደ እስኪመስለኝ ተስቤ አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አልኩ።

ጣታቸው ቆመ። እጄን ወደ ከንፈራቸው ወስጄ አስደገፍኩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ደግሜ አልኩት፤ ደግሞ ተንቀሳቀሰ። እስከዚህ ድረስ ኅሊናዬ ብዙም አልተጣላኝም፤ ከአንዱ አምላክ በቀር ሌላ የለም ማለት ለእኔም ባዳ አይደለም። ነገር ግን ጣታቸው እንደገና መታ፣ መታ አደረገኝ። የቀረውን፣ ነቢያቸውን የሚጠራውን ሁለተኛውን ቃል የሚጠብቁ መሰለኝ። ጥርሴን ነክሼ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ እሱንም አልኩላቸው፤ ሙሉውን፣ ቀስ ብዬ፣ ቅዳሴ ላይ ቃል እንዳይወድቅብኝ እንደምጠነቀቀው ሁሉ ተጠንቅቄ።

ስንት ጊዜ እንዳልነው አልቆጠርኩም። እኔ እላለሁ፣ ከንፈራቸው ይከተለኛል። በመጨረሻ አንድ ጊዜ አልኩና ከንፈራቸው ሳይከተለኝ ቀረ። መዳፌ ላይ ትንፋሽ ጠበቅሁ። አልመጣም። አይናቸውን በእጄ ፈልጌ ጨፈንኩላቸው።

ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከእሳቸው ጋር ተኝቻለሁ። ዝናቡ አባርቶ ሰዎቹ ተመልሰው ሲያወጡኝ አስር ሰዓት ሊሆን ነበር። መጀመሪያ ያየኝ ሰው፣ «ሐጂስ?» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

ግራ እግሬ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሐኪም ቤት ጀሶ አድርገውልኝ ወደ አብነት፣ ወደ ቤቴ መለሱኝ። ሐጂ በማግስቱ ጠዋት ተቀበሩ፤ መሄድ አልቻልኩም። ከቀብር መልስ ልጃቸው ሙዘይን መጣ፤ እኩያዬ ነው። ከእሱ ጋር የመስጊዳቸው ኢማም ሼህ አብዱልዋሲ ነበሩ። አስናቀች ወንበር አቀረበችላቸው። ሙዘይን ግን አልተቀመጠም።

«ዲያቆን፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለኝ። «አባዬ ሲሄዱ ምን ብለው ሄዱ?»

ይህን እንደሚጠይቀኝ አውቅ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የምመልሰውን ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት። «ሸሃዳቸውን ብለው ሄዱ» ብዬ መዝጋት እችል ነበር፤ እውነት ነው። ሙዘይን ግን አይኔን እያየ ፊቴ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። አስናቀች በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ አየኋት። ሙዘይን ተንበርክኮ ግንባሬን ሳመኝ። እያለቀሰ ወደ ሼሁ ዞረ።

«ሼሃችን፣ ዲያቆን እኮ ቃሉን ብሏል! ሙሉውን ብሏል! እሱም—»

«ቆይ» አሉ ሼሁ። ከወንበራቸው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አንተ ልትሰልም ነው ያልከው?»

«አይደለም፣ ሼህ። እሳቸው እንዲሉት ነው።»

«እንግዲህ አልሰለምክም። ሥራ በኒያ ነው፣ በልብ ሐሳብ፤ ሐሳብህን የሚያውቀው አላህ ነው። ቃሉ የሐጂ ነው፤ አንተ አስታወስካቸው እንጂ ቃል አልያዝክም።» ወደ ሙዘይን ዞሩ። «ለቅሶ ቤት ይህን አጣመህ እንዳታወራ። ውለታ የዋለን ሰው ሃይማኖቱን አይወስዱበትም።»

«እኔ ላይ ምን አለብኝ፣ ሼህ?» አልኳቸው።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አሉ ፈገግ ብለው። «በእኛ ዘንድ ሼህ ያስተምራል፣ ኢማም ከፊት ቆሞ ያሰግዳል፣ የተጣላ ሲመጣ እናስታርቃለን፣ የሞተ ሲኖር እንሰግድበታለን። አስሬያለሁ ፈትቼሃለሁ የምል ግን አይደለሁም። በእኔ በኩል ምንም የለብህም። ያለብህን ለአባትህ ለቄሱ ንገር።» ሊነሡ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ደግሞ ልንገርህ። ለሚሞት ሰው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ሁለተኛው ግዴታ አልነበረም።»

እነሱ ከሄዱ በኋላ ጣሪያውን እያየሁ ቀረሁ። ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝ ቃል ጭራሽ አልተጠየቅሁትም ኖሯል። እንግዲያ ያ ጣት ሲመታኝ ምን ሊለኝ ነበር? «ድገምልኝ» ይሆን? «አመሰግናለሁ» ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወሬው አልቆመም። ሙዘይን ባያወራ ሌላው አወራው። በሦስተኛው ቀን አስናቀች ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ፣ «ሸማ ተራ ምን እንደሚሉህ ሰምተሃል? ዲያቆኑ ሰለመ ነው የሚሉት» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ሰው መጥቶ፣ ነገሩ እስኪጣራ ስሜ ከሚሾሙት ዝርዝር መነሣቱን ነገረኝ። ሼህ አብዱልዋሲ ለቅሶ ቤቱ ተሰብስቦ ለነበረው ሰው፣ «ሰውየው ክርስቲያን ነው፣ ክርስቲያን ሆኖ ነው ያስታወሳቸው» ብለው መናገራቸውን በኋላ ሰማሁ። የእሳቸው ቃል ግን ለእነሱ ሰው ነው የሚያገለግለው። ለእኔ ሰው የሚናገርልኝ ከእኔ ወገን ነው መምጣት ያለበት።

መምሬ ይትባረክ ቅዳሜ መጡ። ቁጡ ናቸው፤ ልጆች ጥምጣማቸውን ከሩቅ ሲያዩ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። በጭቃ የተጨማለቀ ጫማቸውን ደጅ አወለቁ፣ አስናቀችን ውጪ ብለው በሩን ዘጉ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ተናገር» አሉኝ።

ተናገርኩ። በጨለማው ውስጥ የተናዘዝኩትንም፣ የአባቴንም ነገር ሳይቀር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጥያቄ ጀመሩ።

«አምነህበት ነው ያልከው?»

«አይደለም፣ አባ።»

«ታዲያ ልታታልላቸው ነው?»

«እሱም አይደለም። እንዲሞቱበት ነው።»

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «መጀመሪያ ሲጠይቁህ ነው ያልክላቸው?»

ይህን አልጠበቅሁትም። «በሦስተኛው ነው።»

«በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ምን ያህል ጊዜ ነበር?»

«እንጃ፣ አባ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ሊበልጥም ይችላል።»

«በዚያ ግማሽ ሰዓት ምን እያሰብክ ነበር? ስለ ጌታ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ስለ ቅስናዬ» አልኩ።

ደጅ የጎረቤት ልጆች ሲሯሯጡ ይሰማል።

«እንግዲህ ስማ» አሉ። «አንተ የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነህ። የማታምንበትን ቃል በአፍህ አውጥተሃል። ለዚህ አርባ ቀን ጹም፣ በየቀኑ አርባ ስግደት ስገድ፤ እግርህ ሲድን ትጀምራለህ። ሁለተኛ፣ ሰው አጠገብህ እየሞተ ስለ ካባህ ላሰብክበት ግማሽ ሰዓት ሌላ አርባ ቀን። ሁለቱን አታደባልቃቸው። አንዱን ጨርሰህ ሌላውን ትጀምራለህ።»

ግራ ተጋባሁ። ተቆጣሁም። «አባ፣ ብልም ኃጢአት፣ ብዘገይም ኃጢአት ከሆነ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! እኔ እዚያ ነበርኩ?» አሉኝ። «የእኔ ሥራ የመጣልኝን ሰምቶ መፍታት ነው። እዚያ የነበርከው አንተ ነህ። ቄስ ስትሆን ደግሞ ሁልጊዜ እዚያ ትሆናለህ፤ ንጹሕ ሆኖ የሚወጡበት ቦታ እንዳይመስልህ።» ተነሥተው መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። «እግዚአብሔር ይፍታህ።»

«ቅስናውስ?»

«ዘንድሮ የለም። ለከርሞ እኔው ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ። ማን ምን እንደሚል ደግሞ ያን ጊዜ እናያለን።»

እንዳሉትም አደረጉ። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆመው፣ «ዲያቆን መርሻ ልጄ ነው፤ የሠራውን ለእኔ ነግሮኛል፤ ከእንግዲህ የሚያወራ ሰው ስለ እኔ ያውራ» ማለታቸውን አስናቀች ነገረችኝ። ወሬው ቀስ በቀስ ሞተ። በዓመቱ ይዘውኝ ሄዱ፤ ቅስናን ተቀበልኩ። ሱቁን ለአስናቀች ትቼላታለሁ፤ ከእኔ የተሻለች ነጋዴ ናት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ድምፄ ጎርንኗል፤ ዜማውን የሚያነሡት አሁን ሌሎች ናቸው። ሼህ አብዱልዋሲም መምሬ ይትባረክም በሕይወት የሉም። አንዱ ምንም የለብህም አሉኝ፤ ሌላው ሁለት አርባ አለብህ አሉኝ። የትኛው ልክ ነበር ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔም ለብዙ ዓመት ጠይቄያለሁ። አንዳንድ ቀን የሼሁ መልስ ያሳርፈኛል፤ አንዳንድ ቀን ያለ መምሬ መልስ ሰው መሆን የምችል አይመስለኝም። ሁለቱም ግን አልጋዬ ድረስ መጥተዋል፤ ሁለቱም ከወገናቸው ፊት ቆመው ስለ እኔ ተናግረዋል። ቄስ ወይ ሼህ ምን ይሠራል የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ከመጽሐፍ በፊት የሚመጣልኝ ይህ ነው።

የመጀመሪያውን አርባ ቀን በጥቅምት መጨረሻ ፈጸምኩ። ሁለተኛውንም በታኅሣሥ መግቢያ ፈጸምኩ፤ መምሬም አወቁልኝ። ዛሬ ግን ስልክ ተደውሎ፣ «አባ፣ ሰው እየደከመብን ነው» ሲሉኝ፣ ከመነሣቴ በፊት ስለ ራሴ የማስብባት አንዲት ጊዜ አለች፤ ዝናቡን፣ ርቀቱን፣ ቤተሰቡ ምን ይለኝ ይሆን የሚለውን። ያችን ጊዜ እስካሁን አላሸነፍኳትም። ብቻ በየዓመቱ እያጠረች ነው።